ተቀምጦ የዋለው ባለ ዝክር

በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ለመንደሩ ጤና ጣቢያ አዲስ የተመደበች ኔቬና የምትባል ወጣት ነርስ አንዲት እመጫት ልትጠይቅ ወጥታ ቤት ተሳሳተች። ገና ከማንኳኳቷ በሩ ተከፈተ። የከፈቱላት ግን ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ጢማቸውን ተላጭተው የተዘጋጁ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነበሩ።

«ይቅርታ አባቴ፣ ቤት ተሳስቼ ነው። የነ ስላቪያናን ቤት ነበር የምፈልገው» አለች።

«ዛሬ ቤት መሳሳት የሚባል ነገር የለም» አሉ አቶ ኦብራድ። «ሚካኤል ነው የላከሽ። ግቢ፣ ግቢ! እመጫት እንደሆነች የትም አትሄድብሽ።»

በሞራቫ ወንዝ ዳር ባሉት መንደሮች እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጠባቂ ቅዱስ አለው፤ ዝክሩም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ለዝክር እንግዳ አይጠራም፤ የመጣም አይመለስም። ባለ ዝክሩ ደግሞ በዚያን ቀን አይቀመጥም። እንግዳው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዘፍናል፤ እሱ ከጧት እስከ ማታ ቆሞ ያስተናግዳል። ደግ ልማድ ነው፤ እኔም የማከብረው ልማድ ነው። ግን ልማድ የተሠራው ለሰው ሲሆን፣ ሰው ለልማድ የተሠራ የሚመስለው ቀን አለ። ለአቶ ኦብራድ ያ ቀን ይህ ነበር።

ሽማግሌው ትሪ አቀረቡላት። በትሪው ላይ የፕሪም ማርማላታ፣ ማንኪያና አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ፤ እንግዳ ከሁሉ በፊት ጣፋጩን ቀምሶ ውሃውን ይጎነጫል። ኔቬና አንድ ማንኪያ ቀመሰች። ከዚያ ብርጭቆውን አነሳች። ቀና ብላ የሰውየውን ፊት አየች። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ዓይናቸው ወደ ውስጥ ገብቷል።

«እርስዎስ ዛሬ ውሃ ጠጥተዋል?»

«ባለ ዝክር ያጠጣል እንጂ አይጠጣም» ብለው ሳቁ፤ ሲስቁም ከንፈራቸው ተሰንጥቆ አመማቸው።

አቶ ኦብራድ የደበቁት ነገር ነበራቸው። በነሐሴ ወር ከተማው ሆስፒታል ውስጥ ትልቁ አንጀታቸው በቀዶ ጥገና ወጥቷል። የትንሹ አንጀት ጫፍ በሆዳቸው በቀኝ በኩል ወደ ውጭ ተከፍቶ፣ የሚወጣው ነገር በቆዳቸው ላይ በተለጠፈ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ይህን የሚያውቁት ልጃቸው ዴሳንካና አበልጃቸው ሚሉቲን ብቻ ናቸው። ለመንደሩ «ቡአ ነው» ተብሎ ተነግሮታል።

ባለፈው ሳምንት የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ የሆድ በሽታ መንደሩን ዞረው። ሌላው ሰው ሁለት ቀን ተኝቶ ተነሣ። አቶ ኦብራድን የያዛቸው ከትናንት በስቲያ ነው። ማስመለሱ ትናንት ቢቆምላቸውም ከረጢቱ እንደ ውሃ በቀጠነ ነገር ይሞላ ጀመር። እሳቸውም ሂሳባቸውን ሠሩ፤ ያልገባ አይወጣም። ስለዚህ ከትናንት ቀትር ጀምሮ ከንፈር ከማርጠብ በቀር ውሃም እህልም አልቀመሱም። በእንግዳ መካከል ከረጢቱ ሞልቶ ቢፈስ፣ ቢሸት? «ከዚያስ ሞት ይሻላል» ብለዋል ለልጃቸው። እሳቸው ይህን ያሉት እንደ ቀልድ ነበር፤ ሞት ግን ቀልድ አያውቅም።

«አባዬ፣ ጎመኑ አለቀ!» ስትል ዴሳንካ ከወጥ ቤት ተጣራች።

ምድር ቤት ያለውን የጥቅል ጎመን በርሜል ከአቶ ኦብራድ በቀር ማንም አይነካውም። ጎመን ዘፍዝፎ በማኮምጠጥ በዚያ ሰፈር የሚስተካከላቸው የለም፤ ሥጋ የሚጠቀለልበት ቅጠል የሳቸውን ያህል ለስልሶ የሚወጣበት ቤት አልታየም። ትሪውን አስቀምጠው ደረጃውን ወረዱ። በርሜሉ ዘንድ ሲደርሱ ባታቸው ተሳስሮ እንደ ድንጋይ ደረቀ፤ ዓይናቸውም ጨለመ። የበርሜሉን ከንፈር ይዘው ቀሩ።

«ማነው?» አሉ ኮቴ ሰምተው።

«እኔ ነኝ፤ ቤት የተሳሳትኩት።»

«ምድር ቤትም ተሳሳትሽ?»

«ይሄን እንኳ ሆን ብዬ ነው። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ትንሽ ንፋስ መትቶኝ ነው።»

በዚያ አገር ንፋስ ያላመጣው በሽታ የለም፤ እግር ቢሰበርም ሰዉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው መስኮት ተከፍቶ እንደነበር ነው። ኔቬና ግን የዚያው አገር ልጅ ናትና በንፋሱ አልተታለለችም።

«መጨረሻ የሸኑት መቼ ነው?»

«ልጄ፣ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።»

«ሽማግሌ ካልተጠየቀ ማን ይጠየቅ?»

አቶ ኦብራድ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ትናንት ማታ። ትንሽ። እንደ ሻይ የጠቆረ።» ይህን ሲሉ ቀኝ እጃቸው ሳይታወቃቸው ሆዳቸው ላይ ዐረፈ። ኔቬና እጁን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ከረጢት ነው አይደል?»

«ማን ነገረሽ? ያ ሚሉቲን! እኔ እኮ ያ ሰውዬ አንድ ቀን…»

«ሚሉቲን የሚባል ሰው አላውቅም። የነገረኝ እጅዎ ነው። ከተማ ሳለሁ እንደርስዎ የተቀደዱ ብዙ ሰዎች አስታምሜአለሁ። ሁሉም እጃቸውን እንደዚህ ነው የሚያሳርፉት፤ የተኛ ሕፃን እንደያዘ ሰው።»

ሽማግሌው ሊቆጡ ፈልገው ቁጣው አልመጣ አላቸው። ከሦስት ወር ወዲህ ስለዚያ ነገር ያለ ማፈር ያናገራቸው የመጀመሪያ ሰው ይህች ልጅ ናት። ማልቀስ ቃጣቸው፤ ግን እንባ የሚሆን ውሃ በሰውነታቸው ውስጥ አልተረፈም።

«እንግዲህ ካወቅሽ ስሚኝ» አሉ። «የተበሳ ገንቦ ላይ ውሃ ብትሞዪ ይፈሳል። እንዳይፈስ ከፈለግሽ አትሙዪበት። ይኸው ነው። ዛሬን ብቻ ልለፈው፤ ነገ እንደ ግመል እጠጣለሁ።»

«ገንቦ ባዶውን ቢያድር አይሞትም፤ እርስዎ ግን ገንቦ አይደሉም። ዛሬ ከረጢቱን ስንቴ ደፉት?»

«አራቴ።»

«ውሃ ሳይጠጡ?»

«ሳልጠጣ።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

አቶ ኦብራድ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። በሂሳብ የሚረታቸው ሰው አልነበረም፤ ይህን ግን አልደመሩትም ነበር።

«ከራስዎ ነው የመጣው» አለች ኔቬና በትሕትና። «የትልቁ አንጀት ሥራ ውሃውንና ጨውን መልሶ ወደ ደም ማስገባት ነበር። እርስዎ አሁን እሱ የለዎትም። ስለዚህ ጎረቤትዎን ሁለት ቀን የሚያስተኛ በሽታ እርስዎን ባንድ ቀን ያደርቅዎታል። ቢጠጡም ባይጠጡም ይወጣል፤ ካልጠጡ ከደምዎ ላይ እየተቀዳ ነው የሚወጣው። ባትዎን ያሰረው፣ ዓይንዎን ያጨለመው፣ ሽንትዎን ያጠቆረው እሱ ነው። ሲቆይ ደግሞ ኩላሊትን ይገድላል።»

«እሺ በቃ፣ ውሃ አምጪና ልጠጣ! አንድ ማሰሮ እጠጣለሁ።»

«ውሃ ብቻውን አይሆንም።»

«እንዴ!» አሉ ሽማግሌው። «አሁን ጠጣ አልሽ፣ አሁን አትጠጣ ትያለሽ። ይሄ የተማረ ሰው ነገር መቼም!»

«ስለ ገንቦው ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ከረጢት ላለው ሰው ባዶ ውሃ ሲበዛ ያፈሰዋል፤ ሲፈስ ደግሞ ጨውዎን ይዞ ይሄዳል። ውሃው ሰውነት ውስጥ እንዲቀር ጨውና ስኳር በልክ ሊገባበት ይገባል።»

«ጨው?» አቶ ኦብራድ ልጅቷን እንደ እብድ አዩዋት። «ደም ብዛት አለብኝ እኮ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐኪሞች ከጨው ሲያባርሩኝ ነው የኖርኩት። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እስክትሞት ድረስ የጨው ዕቃውን ከኔ እንደደበቀች ነው።»

«እስቲ ክንድዎን ይስጡኝ።»

ከቦርሳዋ መለኪያውን አውጥታ ክንዳቸውን አሰረች። «መቶ በስልሳ። በፊት ስንት ነበር?»

«ላይኛው ከመቶ ስልሳ ወርዶ አያውቅም።»

«አዩ? ባለቤትዎ ጨው የደበቁት ደምዎ በዝቶ ሳለ ነው፤ ደግ አደረጉ። ዛሬ ግን ወድቋል። የግፊቱን ኪኒን ጧት ዋጡ?»

«ዋጥኩ። ምን፣ እሱም ኃጢአት ሆነ?»

«ሐኪምዎ ነው የሚያውቀው፤ አሁኑኑ እደውላለሁ። እኔን ከጠየቁኝ አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ ነው።»

«በዝክሬ ቀን? ሬሳዬን ካልሆነ ከዚህ ቤት አታወጪኝም!»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ኔቬና ግን ሰውን ለመከራ የምትተው ዓይነት አልነበረችም። ስልኳን አውጥታ እዚያው ቆማ ከተማው ሆስፒታል ደወለች፤ የቀዶ ጥገናው ሐኪም ጥቂት ጠየቋት፤ በመጨረሻም ፈረዱ። ቀጣዩን ኪኒን ሐኪሙ እስኪያዙ አይውሰዱ፤ ሁለት ሰዓት ጊዜ ይሰጣቸው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልሸኑ፣ ወይም ካስመለሳቸው፣ ወይም ከደከሙ ያለ ክርክር አምቡላንስ ይጠራና ግሉኮስ ይሰካላቸው። ቢሻላቸውም ነገ ጧት ደማቸው ይመርመር።

«ሁለት ሰዓት» አለች ኔቬና። «እስቲ ይንገሩኝ፣ ይሄን ጎመን እርስዎ ነዎት የዘፈዘፉት?»

የሽማግሌው ፊት በራ። «ከኔ ሌላ ማን አለና? ለመቶ ኪሎ ጎመን ሦስት ኪሎ ጨው። ደግሞ በእፍኝ አይደለም፣ በሚዛን።»

«ጨው ባይገባበትስ?»

«ይበሰብሳላ! በሳምንቱ ሰፈሩን ያሸተዋል።»

«ቢበዛስ?»

«ሳይኮመጥጥ ይቀራል፤ አፍ አያስገባም። ነገሩ ልኩ ላይ ነው ልጄ።»

«በርሜሉ ቢያንጠባጥብብዎና ‹እንዳያንጠባጥብ› ብለው ውሃውን ጨርሰው ቢያደርቁበትስ?»

«እንዲህ የሚያደርግ ምን ዓይነት ቂል…» አሉና አቋረጡ። የገዛ በርሜላቸውን አዩት።

ከዚያ ድንገት ጭልፋውን አንስተው ክዳኑን ገለጡ። «እንግዲያው መድኃኒቱ እዚሁ አለ! የጎመን ውሃ! አምሳ ዓመት ሙሉ አረቄ የጎዳኝን ሁሉ በዚህ ነው ያዳንኩት።»

ኔቬና ጭልፋውን ከነእጃቸው ያዘችው። «አይሆንም!»

«ጨው ጠጣ ብለሽ ጨው ስጠጣ ትከለክይኛለሽ?»

«ልኩ ለጎመን ነው፤ ለሰው አይደለም። ጨውና ኮምጣጤ ብቻ ነው፤ ስኳር የለውም። ስኳሩ ነው ጨውን እጁን ይዞ ወደ ደም የሚያስገባው። ይሄ የባሰ ያፈስስዎታል፤ ሆድዎንም በነፋስ ይነፋዋል።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ንፋስ ደግሞ እንደሚጠሉ ነግረውኛል።»

አቶ ኦብራድ ሳቁ። ጭልፋውን መልሰው፣ ክንዷን ተደግፈው ደረጃውን ወጡ።

ወጥ ቤት ውስጥ ዴሳንካ እጇ እስከ ክርኗ በዱቄት ተነክሮ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አቶ ኦብራድ ካንድ እሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። አባቷን ባየች ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። ኔቬና የሆነውን በአጭሩ ነገረቻትና ሥራ አዘዘቻት። ፈልቶ የቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ፤ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፤ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የመጋገሪያ ሶዳ።

«ልሙጥ ማለት በቢላ ተጠርጎ ነው» አለች ኔቬና። «ከረጢት ላለው ሰው ሐኪሞቹ የሚያዙት ልክ ነው፤ ልኩ ከሳተ ይጎዳል። ነገ ከመድኃኒት ቤት የተዘጋጀውን ዱቄት ገዝታችሁ አስቀምጡ።»

ዴሳንካ ማንኪያውን ይዛ ቆመች። «አባዬ፣ ከሆስፒታል ስትወጣ የሰጡህ ወረቀት ላይ ይሄ ነበር?»

«ነበር መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

«‹ጨው› የሚል ሳይ የሌላ ሰው ወረቀት ነው ብዬ አጠፍኩት።»

ዴሳንካ ልትጮህ ነበር፤ ግን የአባቷን የተሰነጠቀ ከንፈር አይታ ጩኸቱን ዋጠችው። መጠጡን በማንኪያ አቀረበችላቸው። በደቂቃ አንድ ሁለት ማንኪያ፣ ቀስ እያሉ። በርከት አድርገው ቢጎነጩ ይመልሳቸዋል ተብለዋል። «የባሕር ውሃ» ብለው አጉረመረሙ፤ ግን ጠጡ።

ግማሽ ብርጭቆ እንዳለቀ አቶ ኦብራድ ትሪውን ሊያነሱ ተነሡ። «በሉ እንግዲህ፣ እንግዶቼ ቆይተዋል።»

«እንግዶችዎ በሳጥን እንዲቀበሩልዎ ይፈልጋሉ?» አለች ኔቬና።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አባቴ፣ ይሄ በሽታ ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚሄደው። አንድ ሰው ከዳነም በኋላ ሁለት ቀን ምግብ ማቅረብ የለበትም። እርስዎ ገና አልዳኑም። ከጧት ጀምሮ ለስንት ሰው ማርማላታ አቀረቡ? እኔም ቀምሻለሁ፤ የሚያገኘኝን አያለሁ። ሳሎን ውስጥ ግን የሰማንያ ዓመት አሮጊት ተቀምጠው አይቻለሁ፤ ነፍሰ ጡርም አይቻለሁ። እንግዳን ማክበር ማለት በሽታ በትሪ ማቅረብ ነው?»

ይህ ቃል ከሁሉም በላይ ወጋቸው። ስለራሳቸው የተነገረውን ሁሉ በቀልድ መልሰውት ነበር፤ ስለ እንግዶቻቸው የተነገረው ግን በቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። እጆቻቸውን ገልብጠው አዩአቸው፤ በሳሙና ታጠቡ፤ ታጥበውም አልተቀመጡም።

«አልገባሽም ልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ ድምጻቸው ተሰበረ። «አያቴ ወባ ሲያንቀጠቅጠው ቆሞ ውሏል። አባቴ በጦርነቱ ጊዜ አንድ ሻማና አንድ ዳቦ ይዞ፣ እንግዳ ሳይመጣለት፣ ብቻውን ቆሞ ውሏል። ወንድ ልጅ የለኝም። እኔ ዛሬ ከተቀመጥኩ የዚህ ቤት ዝክር ተቀመጠ ማለት ነው። ከኔ በኋላ ማን ይቆማል?»

ዴሳንካ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«አባዬ» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «እኔ የት ነው ያለሁት?»

«ምን?»

«ዛሬ ከስንት ሰዓት ጀምሬ ነው የቆምኩት? ካንተ በፊት። አምናስ? እናቴ ከሞተች ሃያ ዓመት ሆነው፤ ሃያ ሚካኤል እዚህ ምድጃ ፊት ቆሜ ነው የዋልኩት። አንድ ቀን ተቀምጬ አይተኸኝ ታውቃለህ? ይሄ መቆም አይቆጠርም?»

አቶ ኦብራድ ልጃቸውን አዩአት። እግሯን አዩ፤ በአሮጌ ጫማ ውስጥ ያበጠ እግር ነበር። ሃያ ዓመት በዚያ በር ሲገቡና ሲወጡ ያላዩት እግር ነው። ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ።

ሰው ሐሳቡን የሚለውጠው በብዙ ማስረጃ ነው ይላሉ። እኔ እንዳየሁት ማስረጃው በሩን ያንኳኳል፤ የሚከፍተው ግን ፍቅር ነው። ኔቬና የአንጀትን ሥራ ባታስረዳቸው ኖሮ ሽማግሌው አይጠጡም ነበር፤ ዴሳንካ ባትናገር ደግሞ አይቀመጡም ነበር። እውቀትና ፍቅር ባንድ ቤት ሲገናኙ ነው ሰው የሚድነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ቄሱ ደረሱ። አቶ ኦብራድ ሳሎን ጥግ ላይ፣ ከማዕዱ ራቅ ብለው፣ ብርጭቆአቸውንና ማንኪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እንግዶቹ የሚያዩትን አላመኑም። ቄሱ ከባለ ዝክሩ ጋር ዳቦውን ይዘው የሚያዞሩበት፣ ወይን የሚያፈሱበት፣ የሚሳለሙበት ሰዓት ነበር።

«ኦብራድ፣ ና እንጂ ዳቦውን ያዝ» አሉ ቄሱ።

«እኔ አልይዝም አባቴ። ዴሳንካ ትይዛለች።»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጉንጩ በአረቄ የቀላ ሽማግሌ፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል!» አለ።

«ወንዱማ ያው» አለ አበልጅ ሚሉቲን ወደ ጥጉ እየጠቆመ፣ «በማንኪያ እየጠጣ ነው። ምኑን ይጨርሰው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ሲበርድ ግን ኦብራድ እጃቸውን አነሡ። «አንድ ነገር ልናገር። ነሐሴ ላይ የተቀደድኩት ቡአ አልነበረም። ትልቁ አንጀቴ ወጥቷል። ሆዴ ላይ ከረጢት አለ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ይኖራል። ሰሞኑን የዞረው በሽታ እኔንም ይዞኛል። ከረጢቱ እንዳይሞላ ብዬ ራሴን ላደርቅ ነበር፤ እናንተንም ላሳምማችሁ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለሌላ ሰው የተባለ መስሎኝ። ማርማላታ የቀመሳችሁ ሆዳችሁን ቢያማችሁ ይቅር በሉኝ። እጃችሁን ታጠቡ።»

የሰማንያ ዓመቷ እማማ ስታሜና ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ።

«አንተ ቀጣፊ! እኔ እኮ ለቡአህ ሦስት ወር ሙሉ ሻማ ሳበራ ነው የከረምኩት። ለአንጀትህ ማብራት ነበረብኝ!»

ቄሱ ራሳቸው ሳቁ። ዴሳንካ እጇን ታጥባ መጣች፤ ሽርጧን መፍታት ረስታለች። ዳቦውን ከቄሱ ጋር ይዛ አዞረች፤ ወይን ፈሰሰበት፤ ተሳለመችው። ጸሎቱ ላይ ቄሱ የባለ ዝክሩን ስም ሊጠሩ ሲሉ ጥቂት ቆም አሉና ወደ ጥጉ አዩ። አቶ ኦብራድ በአገጫቸው ወደ ልጃቸው አመለከቱ። «ባሪያህ ዴሳንካ» አሉ ቄሱ። በዚህ ጊዜ የአቶ ኦብራድ ዓይን እንባ አቀረረ። ኔቬና እንባውን አየች፤ ነርስ ናትና ደስ አላት። ሰውነታቸው ውሃ ማግኘት ጀምሯል ማለት ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አቶ ኦብራድ ግድግዳ እየተደገፉ ወጡ። ኔቬና ሰዓቷን እያየች፣ ስልኳን በእጇ ይዛ ጠበቀች። ተመልሰው በሩ ላይ ሲታዩ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር።

«ወጣ!» አሉ በሳሎኑ ሙሉ ሰው ፊት። «ብዙ አይደለም። ግን እንደ ጧቱ አልጠቆረም።»

ለሽንት የተነሣ ብርጭቆ ከዚያ ቀን በፊት በዚያ መንደር አልታየም፤ ያን ቀን ግን ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አነሣ።

የዚያን ቀን ትርፍ ልንገራችሁ። በማግስቱ ደማቸው ተመረመረ፤ ኩላሊታቸው እንደተረፈ ተነገራቸው፤ የግፊቱ ኪኒንም በአዲስ ልክ ተሠራላቸው። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው የሕይወት አድን ዱቄት አይጠፋም። ሽንታቸው ሲጠቁር፣ አፋቸው ሲደርቅ፣ ባታቸው ሲታሰር ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሳይብስባቸው ይጠጣሉ፤ የጠጡት ካልቆየላቸው ኩራታቸውን ትተው ሆስፒታል ይሄዳሉ። ከመንደሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ያ የአረቄው ሽማግሌ፣ «እኔም እኮ ከረጢት አለኝ» ብለው በድብቅ መጥተው ምክር ጠይቀዋቸዋል። አቶ ኦብራድም ልኩን በቃላቸው ነግረዋቸዋል፤ በእፍኝ ሳይሆን በማንኪያ። ኔቬናም ሆዷን ሳያማት ቀረ፤ እመጫቷንም ከቀትር በኋላ ጠየቀች።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። በዚያው ዕለት፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ከሩቅ መንደር የመጣ አንድ የዘገየ እንግዳ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። እንደ ደንቡ ባለ ዝክሩን እንኳን አደረሰህ ሊል ቤቱን በዓይኑ ቃኘ። ኦብራድን ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲያያቸው ደነገጠ።

«ምነው፣ ደህና አይደላችሁም? ባለ ዝክሩ ምን ሆነ?»

አቶ ኦብራድ ብርጭቆአቸውን ወደ ማዕዱ አቅጣጫ አነሱ። እዚያ ዴሳንካ ትሪ ይዛ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ለእማማ ስታሜና ውሃ እያቀረበች ነበር።

«ምንም አልሆነ» አሉ። «ያቻት፣ ቆማለች።»